ወይኑን ያለ ለስላሳ

ጉደር፣ አክሱማይት፣ አካሺያና ሪፍት ቫሊ በጠመንጃ ያዥ ግሮሰሪዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ሥጋ ቤቱና ግሮሰሪው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በአንዱ በር ሽንጡና ዳቢቱ ተሰቅሎ ይታያል። በሌላው በር ባንኮኒ አለ፤ ከባንኮኒው ኋላ ደግሞ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ ቆሟል። ሥጋው ከወዲያ ተመዝኖ በትሪ ይመጣል፣ መጠጡ ከወዲህ ይቀዳል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ጠርሙሶቹ ላይ ያርፋል።

መደርደሪያው የሰፈሩን ኪስ ይናገራል። ላይኛው ረድፍ የውጭ ውስኪ ነው፤ ከሚጠጣው ይልቅ የሚታየው ይበዛል። ታች ጂን፣ ኡዞና አረቄ ተደርድሯል። መካከሉን የያዘው የአገር ውስጥ ወይን ነው፦ ጉደር፣ አክሱማይት፣ አዋሽ ክሪስታል፣ ከሚላ፣ አካሺያ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ሪፍት ቫሊ። ሁሉም ቆመዋል። አንዳንዶቹ ትከሻቸው ላይ አቧራ አለ።

ክትፎ ያዘዙ ጓደኛሞች አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይጠራሉ። አስተናጋጁ ጠርሙሱን ሲያመጣ ኮካኮላም አብሮ ያመጣል፤ ማንም አላዘዘውም፣ ግን ማንም አይመልሰውም። ብርጭቆውን እስከ ግማሽ በወይን፣ የቀረውን በኮካ ይሞላና ለሁሉም ያዞራል። ጠጪዎቹ ይጨዋወታሉ፣ ይበላሉ፣ ይስቃሉ። ወይኑ ምን ዓይነት ጣዕም እንዳለው ከገበታው ላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ለብቻው አልተቀመሰምና።

ይህን ትዕይንት በከተማችን ያላየ የለም። ከሱ ጋር አብሮ የሚሰማው አባባልም የታወቀ ነው፦ የአገር ውስጥ ወይን ያለ ለስላሳ አይጠጣም፣ ይኮመጥጣል፣ ራስ ያሳምማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ርካሽና መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን ወይኖቻችንን ደጋግሜ ቀምሻለሁ፤ በብርጭቆና በጠርሙስ፣ ከምግብ ጋርና ያለ ምግብ፣ በልክ ቀዝቅዘውና መስኮት ሥር ሞቀው። የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነው፦ ብዙዎቹ ከስማቸው የተሻሉ ናቸው፣ የሚበዛው ጉዳትም የሚደርስባቸው ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ፣ በመደርደሪያውና በገበታው መካከል ነው።

> ወይኑ ሳይቀመስ ተፈርዶበታል።

ፋብሪካው ጎረቤት ነው

የጠመንጃ ያዥ አካባቢ ለወይን ባዕድ አይደለም። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ሁለት ቅርንጫፎች አንዱ ልደታ፣ ሌላው መካኒሳ ነው። ፋብሪካው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተጀመረ ነው፤ ፍሬው የሚመጣለት ከላይኛው አዋሽ፣ ከመርቲ ጀጁ በኩል ካለው እርሻ ነው። ጉደር፣ አክሱማይት፣ ከሚላና ክሪስታል የሚባሉት ስሞች ሁሉ የሱ ናቸው። ሦስት ትውልድ በሠርግ፣ በምርቃትና በዓመት በዓል ያነሳቸው ጠርሙሶች ናቸውና የማያውቃቸው ቤት የለም ማለት ይቻላል።

ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ወደ ግል ሲዛወር ከገዢዎቹ አንዱ ኤይት ማይልስ የተባለው የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር። የፈንዱ ሊቀ መንበር በጊዜው አየርላንዳዊው ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ለኢትዮጵያ ባንድ ኤይድንና ላይቭ ኤይድን ያስተባበረው ሰው፣ ወደ ሠላሳ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ የልደታን ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከሚገዙት ጋር ስሙ ተጠራ። በርዳታ የምናውቀው ሰው በንግድ ሲመጣ ያኔ ብዙ አነጋግሯል። እኔ እንደ መልካም ነገር ነው ያየሁት፤ ወይናችን ገንዘብ የሚፈስበት ሥራ ነው ብሎ ያመነ የውጭ ሰው መገኘቱ ለስሙ ጠቅሞታል።

ሁለተኛው ባለ ወይንም ለሰፈሩ ሩቅ አይደለም። ሜክሲኮ አካባቢ በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በኋላ የገዛው የፈረንሳይ ካስቴል ቡድን ነው፤ ቡድኑ ከቢራ በፊት መነሻው የቦርዶ ወይን ነው። አቶ መለስ ዜናዊ በጊዜው ድርጅቱን እዚህ አገር ወይን እንዲተክል ጋብዘውት እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ገደማ ዝዋይ ላይ ከቦርዶ የመጡ ችግኞች መተከል ጀመሩ፣ በ2014 ጠርሙሶቹ ገበያ ወጡ። አካሺያና ሪፍት ቫሊ የሚባሉት እነዚያ ናቸው።

ወይን ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር ነው ለሚሉም መልስ አለ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የሚተርከው የግሪክ የመርከበኞች መመሪያ፣ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣሊያን ወይን ይቆጥራል። በአክሱም ዘመን ባለጸጋው ከባሕር ማዶ የመጣ ወይን ይጠጣ ነበር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ለቅዳሴ የወይን ፍሬን ትታ አታውቅም፤ ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፋ፣ ጨምቃ ትቀድሳለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህንኑ አይቶ ጽፏል። እንግዳ የሆነብን ወይኑን ከምግብ ጋር ቀስ ብሎ የማጣጣም ልማድ ነው።

ጉደር በብርጭቆ

ከርካሹ ልጀምር። ጉደር ሲቀዳ ቀለሙ ቀላ ያለ እንጂ የጠቆረ አይደለም፤ ብርጭቆውን ወደ መስኮት ቢያነሱት ብርሃን ያሳልፋል። ሲያሸቱት መጀመሪያ የሚመጣው የደረቀ ፍሬ ሽታ ነው፣ ዘቢብን የሚያስታውስ። አፍ ሲገባ ኮምጠጥ ይላል። ምላስን በጎንና በጎን ያነቃል፣ አፍን ግን ብዙ አያደርቅም። ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ ቶሎ ይጠፋል። ጉድለቱ ይህ ነው፤ ትልልቅ የሚባሉ ወይኖች ከተዋጡም በኋላ አፍ ውስጥ ይቆያሉ።

ለብቻው ሲጠጣ ቀጭን ይመስላል። ክትፎ አጠገቡ ሲቀርብ ግን ነገሩ ይለወጣል። ክትፎ ማለት ሥጋና ቅቤ ነው፤ ከሁለት ሦስት ጉርሻ በኋላ ቅቤው ምላስ ላይ ይጋገራል። ያን ጊዜ የጉደር ኮምጣጣነት ቅቤውን ጠርጎ አፍን ያጸዳል፣ የሚቀጥለው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል። ጉድለት የመሰለው ነገር ሥራ ያገኛል። ኮካ ሲጨመርበት ግን ይህ ሥራ ይበላሻል፤ ስኳሩ ኮምጣጣውን ይውጠዋል፣ ቅቤው ባለበት ይቀራል። በበላተኛው ላይ የሚደርሰውን ክብደት ሁሉ ወይኑ ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም።

አክሱማይት ሌላ ዓለም ነው። ጣፋጭ ቀይ ነው፣ ጣፋጭነቱንም አይደብቅም። ብዙዎች የወይን ትውውቃቸውን የጀመሩት በሱ ነው፤ ለበዓል ዘመድ ጥየቃ ሲኬድ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚያዘውም በአብዛኛው እሱ ነው። ወይን ዐዋቂ ነኝ የሚል ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን በትንሽ ብርጭቆ፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ከምግብ በኋላ ሲቀርብ ደስ ብሎኝ እጠጣዋለሁ። የዘቢብና የበሰለ ፍሬ ጣዕም አለው። ሞቅ ብሎ በትልቅ ብርጭቆ ሲቀዳ ግን ሽሮፕ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ብርጭቆ የሚጠይቅ አይኖርም። ከጥሬ ሥጋ ጋር ሲታዘዝም አይቻለሁ፣ አይስማማም፤ ሥጋው ብረት ብረት ማለት ይጀምራል።

ነጮቹ፣ ክሪስታልና ከሚላ፣ ከቀዮቹ ይልቅ የተበደሉ ናቸው። ቀዝቅዘው ሲቀርቡ የሎሚና የአረንጓዴ ፖም ጠረን ያላቸው፣ ቀለል ያሉ፣ ጥም የሚቆርጡ ወይኖች ናቸው። ለዓሣ ጥብስ፣ ለጾም በያይነቱ፣ በተለይም ለሽሮ ይሆናሉ። በየግሮሰሪው ግን ማቀዝቀዣው ለቢራና ለለስላሳ የተያዘ ነው፤ ነጩ ወይን ከቀዩ ጋር መደርደሪያ ላይ ቆሞ ይውላል፣ እንደዚያው ሞቅ ብሎ ይቀዳል። የሞቀ ነጭ ወይን ጠረኑ ይበተንና አልኮሉ ብቻ አፍንጫን ይመታል። ከዚያ በኋላ ስፕራይት ቢጠየቅ ምን ይገርማል?

ዝዋይ ላይ ክረምት የለም

የዝዋዮቹን ወይኖች ለመረዳት እርሻውን ማሰብ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ወይን ቅጠሉን አራግፎ በብርዱ ወራት ይተኛል፤ በጸደይ ይነቃል፣ በመከር ይለቀማል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚያስተኛ ብርድ የለም። ተክሉ ከተተወ ዓመቱን ሙሉ ቅጠልና ፍሬ ማውጣት ይፈልጋል። ስለዚህ ጊዜውን የሚወስነው የገራዡ መቀስ ነው፤ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ተክሉ እንደገና ይጀምራል። ገራዡ የሚያሰላው ፍሬው የሚበስልበት ጊዜ ዝናብ በሌለበት ወር ላይ እንዲውል ነው። ሊለቀም የደረሰ ዘለላ ላይ ዝናብ ከወረደ ፍሬው ውኃ ይጠጣል፣ ይፈነዳል፣ ይሻግታል።

አሸዋማ አፈሩ ውኃ አይዝም፣ ሥሩ አይበሰብስም፤ ውኃው በጠብታ መስኖ ይደርሰዋል። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጠው ከፍታ ምክንያት ይቀዘቅዛል። ይህ ቅዝቃዜ ለፍሬው ሕይወቱ ነው፤ ቀን በፀሐይ የሚሠራው ስኳር እንዳለ ሆኖ፣ ለወይን አጥንት የሆነው ኮምጣጣነት ሌሊት ሳይቃጠል ይቆያል። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡ በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል። ቦርዶ ያለ ገበሬ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም።

የተተከሉት ዝርያዎች ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው፦ ከቀዮቹ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን፣ ከነጮቹ ሻርዶኔ። አካሺያ ከነዚህ የሚወጣ ቀለል ያለው መሥመር ነው። በከተማችን ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ያለው ቀዩ አካሺያ ነው፣ ሚዲየም ስዊት የሚባለው። እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ጣፋጩና ኮምጣጣው ይመጣጠናሉ፣ ሲዋጥ አይቧጥጥም። ወጣት ሴቶች ሰብሰብ ብለው ሲመጡ የሚጠሩት እሱን ነው፤ አስተናጋጆችም ገና ሲገቡ ያውቁታል። ወንዶቹ «የሴት መጠጥ» ብለው ቢሸሹትም ብርጭቆ ሲደርሳቸው ሲመልሱ አላየሁም። ለዋጋው እምነት የሚጣልበት ጠርሙስ ነው፣ ከጠርሙስ ጠርሙስ ብዙ አይለያይም።

ሪፍት ቫሊ ላይ ስንደርስ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለጠመንጃ ያዥ ግሮሰሪ የደመወዝ ሰሞን ጠርሙስ ነው። ሜርሎው ክብ ነው፣ ማዕዘን የለውም፤ የበሰለ ፕሪም ጣዕም አለው፣ ወይንን ለሚጀምር ሰው ጥሩ ነው። ካበርኔው ጠንከር ይላል። ገና ሲከፈት አፍን ያደርቃል፤ ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚመጣው ታኒን የሚባለው ነገር ነው። ከፍቶ ትንሽ ማቆየትና ከሰባ ሥጋ ጋር መጠጣት ያሻሽለዋል፣ የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ይይዝለታልና።

የኔ ምርጫ ሲራው ነው። በሲራ ወይን ውስጥ ያለ አንድ ጠረን ሰጪ ቅመም በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ኬሚስቶች ሮታንዶን ይሉታል። ስለዚህ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ጥብስ ከሥጋ ቤቱ ጢሱ እየወጣ ሲመጣና ሲራው ሲቀዳ፣ ገበታውና ብርጭቆው በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ከባሕር ማዶ የመጣ የወይን ዝርያ ከእኛ ጥብስ ጋር እንዲህ መግጠሙን ሳጣጥም ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ከጥብስና ከሲራ የሚበልጥ የምግብና የወይን ጥምረት አዲስ አበባ ውስጥ ገና አላገኘሁም።

> ቁንዶ በርበሬ ያለበት ጥብስና የዝዋይ ሲራ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ።

ጣፋጭ መውደድ ነውር አይደለም

ሆቴል ቤት የሠሩ የወይን ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያማርሩት በጣፋጭ ወዳድነታችን ነው። ኢትዮጵያዊ ጠጪ ደረቅ ወይን አይወድም፣ ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ስኳር ላይ ያተኩራሉ ይላሉ። ግሮሰሪ ያላቸው ሰዎች በበኩላቸው የሚሸጠው ጣፋጩ ነው፣ ደረቁን ባስቀምጠው አቧራ ይበላዋል ይላሉ። ሁለቱም የሚያዩትን ነው የሚናገሩት። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ፤ ምላሳችን ያለ ምክንያት ጣፋጭ አልፈለገም።

በርበሬና ሚጥሚጣ አፍ ውስጥ የሚያነዱትን እሳት አልኮልና ታኒን ያባብሱታል። ዶሮ ወጥ በልቶ ጠንካራ ካበርኔ የጠጣ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል፤ አፉ ይቃጠላል፣ ወይኑም ይመርረዋል። ትንሽ ስኳር ግን እሳቱን ያበርደዋል። በርበሬ የሚበዛባቸው የእስያ ምግቦች ዘንድ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ያለው የጀርመን ነጭ ወይን የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛም ለዘመናት ለወጣችን ጠጅ ያቀረብነው ያለ ነገር አይደለም፤ በጠጅ ማሩ ይጣፍጣል፣ ጌሾው ደግሞ መረር አድርጎ ጣፋጩን ልክ ያስይዘዋል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ አካሺያ ሚዲየም ስዊት ያዘዘ ሰው፣ ሳያውቀው ትክክለኛውን አዝዟል።

ለስላሳ መጨመር ከዚህ ይለያል። በወይኑ ውስጥ ያለ ጣፋጭነት ከኮምጣጣነቱ ጋር ተመጣጥኖ የተሠራ ነው፤ ከጠርሙስ የሚጨመር ኮካ ግን ሚዛኑን ይንደዋል። ቢራ፣ ወይንና ስፕራይት ተቀላቅሎ የሚሠራው ቱርቦ ሌላ መጠጥ ነው፤ የሚወደው ይጠጣው፣ አልኮሉን ግን ስኳሩ ስለሚሸፍነው ቶሎ ያሰክራል። ወይን ራስ ያሳምማል ከሚሉት ብዙዎቹ ያሳመማቸው ወይኑ ይሁን ቱርቦው ለይተው አይናገሩም።

ጠርሙሱ የቆመበት መስኮት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወይን ከታሸገም በኋላ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሦስት ጠላቶች አሉት፣ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር። ሙቀት ያበስለዋል፤ የትኩስ ፍሬ ጠረኑ ጠፍቶ የተቀቀለ ፍሬ ይሸታል። ብርሃን፣ በተለይ በነጭ ጠርሙስ ያለውን፣ ጠረኑን ያበላሸዋል። አየር ደግሞ ቡሹ ሲደርቅ ይገባል፣ ቡሽ የሚደርቀው ጠርሙሱ ለወራት ሲቆም ነው። ከገባ በኋላ ወይኑን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ይጀምራሉ።

እንግዲህ የግሮሰሪውን መደርደሪያ እንደገና እንየው። ጠርሙሶቹ ቆመዋል። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ያገኛቸዋል። ላይኛው ረድፍ ከቆርቆሮ ጣሪያው በታች ነው፤ በበጋ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር ያለው አየር እሳት ነው። የአዲስ አበባ አየር በተፈጥሮው ለወይን የተመቸ ሆኖ ሳለ፣ ጥላ ያለበት የጓዳ ወለል ለቀይ ወይን ከሚፈለገው ሙቀት ብዙ የማይርቅ ሆኖ ሳለ፣ ጠርሙሱን የምናስቀምጠው ቤቱ ውስጥ በጣም በሚሞቀው ቦታ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባለ ግሮሰሪው ዕቃው እንዲታይለት ይፈልጋል።

> የወይኑ ትልቁ ጠላት ፋብሪካው አይደለም፣ መስኮቱ ነው።

ከዚህ የከፋው በብርጭቆ የሚሸጠው ነው። ጠርሙስ ተከፍቶ ቡሹ ተመልሶ ይደፈንና ባንኮኒ ላይ ይቀመጣል። ማክሰኞ የተከፈተ ወይን ዓርብ ሲቀዳ ያገኘ ሰው ኮመጠጠኝ ቢል እውነቱን ነው፤ ፍርዱ ግን በጉደር ላይ ሳይሆን በሦስቱ ቀናት ላይ መሆን ነበረበት። የተከፈተ ወይን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ለቀይም ለነጭም ይጠቅማል፣ ጥቂት ቀን ያቆየዋል። ይህን የሚያውቁ ባለ ግሮሰሪዎች ጠመንጃ ያዥም ውስጥ አሉ። ከባንኮኒው በታች በጨለማ አጋድመው ያስቀምጣሉ፣ የተከፈተውን ከቢራው ጎን ያስገባሉ። እነሱ ቤት የሚጠጣው ጉደርና ከሁለት ቤት በላይ የሚጠጣው ጉደር የአንድ ፋብሪካ ልጆች አይመስሉም።

ብርጭቆም ነገር አለው። ቢራ የተጠጣበት፣ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ብርጭቆ የወይንን ጠረን ይገድላል። እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆም ማሽተቻ ቦታ አይተውም፤ ግማሽ እንኳ ይበዛል። ቀዩ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ ቀዩን ከመከፈቱ በፊት ለሩብ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ ነጩን ደግሞ ከማቀዝቀዣው ሳያወጡ ማዋል ይበቃል።

የውጭው ይበልጣል?

ከውጭ የመጣ ከሆነ ጥሩ ነው የሚለው እምነት ወይን ላይም አለ። የደቡብ አፍሪካና የኢጣሊያ ጠርሙሶች የሚቀርቡባቸው የከተማው ክፍሎች አሉ፤ ጠመንጃ ያዥ ግን ብዙም አይደርሱም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከተከለከሉት 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል የአልኮል መጠጦች ነበሩ፤ ክልከላው የተነሳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በምንዛሪው ለውጥ ጊዜ ነው። በመካከሉ የውጭው ወይን ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ ብዙ ቤቶችም ወደ አገር ውስጡ ተመለሱ። ከክልከላው የተጠቀምነው አንድ ነገር ቢኖር የራሳችንን ወይን እንደገና መቅመሳችን ነው።

ዋጋ ምላስን እንደሚያታልል በሙከራ ታይቷል። በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት ላይ፣ አንድ ዓይነት ወይን አንድ ጊዜ 10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ 90 ዶላር ነው ተብሎ ለሰዎች ቀረበ። ባለ 90 ተብሎ የቀረበውን አብልጠው ወደዱት። ከዚያ በፊት በ1976 ፓሪስ ላይ የፈረንሳይ ዳኞች ስም ተሸፍኖ በቀረበላቸው ውድድር የካሊፎርኒያን ወይኖች ከራሳቸው አገር ስመ ጥር ወይኖች አስበልጠዋል። ጠርሙሱ ሲሸፈን አፍ ነጻ ይወጣል።

በሰፈር ደረጃም ይሠራል። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ቁጥር ጽፎ፣ ሌላ ሰው እንዲቀዳ ማድረግ ነው። በእንዲህ ያለ ቅመሳ አካሺያ ቀዩ ከእጥፍ በላይ ከሚሸጥ ከውጭ የመጣ ጣፋጭ ቀይ ተመርጦ አይቻለሁ፤ የውጭውን የመረጥኩ መስሎኛል ያለው ሰው ጋዜጣው ሲገለጥ ፊቱ በደስታ ነው የበራው። ጉደር እንዲህ ባለው ውድድር አላሸነፈም፣ ያሸንፋል ብዬም አልጠብቅም። ክትፎው ሲመጣ ግን ከሁሉ ቀድሞ ያለቀው የሱ ጠርሙስ ነበር።

ፋብሪካዎቹም የሚጠበቅባቸው ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ አድርጓል። ስለ ወይን ለጠጪው የሚነግሩት የቀሩት እንግዲህ አስተናጋጁና የጠርሙሱ ወረቀት ናቸው። ወረቀቱ ላይ በአማርኛ፣ በጉልህ፣ ቀዝቅዞ ይቅረብ፣ አጋድመው ያስቀምጡ፣ ከተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠጣ የሚል ቃል ቢታተም ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይሠራል። ወይኑን የሚያከፋፍለው መኪና በየሳምንቱ ወደ ግሮሰሪዎቹ ይገባል፤ ሾፌሩና ሽያጭ ሠራተኛው ለባለ ግሮሰሪው ሁለት ደቂቃ ቆመው ቢያስረዱ፣ መደርደሪያው ከመስኮቱ ይሸሻል።

እስከዚያው ሥራው የጠጪው ነው። ለክትፎና ለጥሬ ሥጋ ጉደር፣ ለዶሮ ወጥ አካሺያ ሚዲየም ስዊት፣ ለዓሣና ለሽሮ የቀዘቀዘ ክሪስታል፣ ደመወዝ ሲወጣ ለጥብስ የሪፍት ቫሊ ሲራ። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግሮሰሪ ሲገቡ ጠርሙሱ ከመስኮት ዳር ሳይሆን ከውስጥ እንዲመጣልዎ፣ እርስዎ ፊት እንዲከፈት፣ ኮካውም ለጊዜው እንዲቆይ ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉንጮች ወይኑን ብቻ ይቅመሱ። ካልጣመዎት ኮካው እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።